ከራዲያተሩ የወጣው ማኪያቶ

ሳፋው ውስጥ የወረደው ፈሳሽ ማኪያቶ ይመስል ነበር። ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ጋራዥ ግቢ አራት ሰዎች ሳፋውን ከበው ቆመዋል፤ ከአንበሳሜ የመጣው የሚኒባስ ሾፌር፣ ረዳቱ፣ አንድ ወጣት መካኒክ እና ከሌላ መኪና ስር ተስቦ የወጣ የማያገባው ሰው። (በእኛ አገር ጋራዥ ይህ አራተኛ ሰው መቼም አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚናገረውም እሱ ነው።)

«ጓርኒሲዮኑ ሄዷል» አለ አራተኛው ሰው። «ዘይትና ውሃ ተደባልቋል። ቴስታው ይውረድ።»

ወጣቱ መካኒክ አልተቃወመም። ሾፌሩም አልተናገረም። ቴስታ ይወርዳል ማለት ለእሱ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። መኪናው ቢያንስ ሳምንት ይቆማል። ቴስታው ተጭኖ ባሕር ዳር ይሄድና ቶርኖ ቤት ይገባል። ጓርኒሲዮን ይገዛል፣ ከጓርኒሲዮኑ ጋር ሌላ ሌላም ይገዛል። የዕለት ገቢ ይቋረጣል፤ ሾፌሩም ረዳቱም ባዶ እጃቸውን ይቀመጣሉ። ከሁሉም የሚከፋው ግን የባለንብረቱ ስልክ ነው። መኪናው የሾፌሩ አይደለም። «አቃጠልክብኝ» የምትለዋ ቃል አንድ ጊዜ ከተነገረች ቀጣዩ ቃል «ቁልፉን አምጣ» ነው።

የጋራዡ ሽማግሌ መካኒክ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ሳፋውን አዩት፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱት፣ አንድ ባዶ ሃይላንድ እንዲመጣላቸው ጠየቁ።

«ኧረ አያ፣ ይኼማ የታወቀ ነው» አለ ወጣቱ።

«የታወቀ ከሆነ ነገም የታወቀ ነው። ጥርት ያለ ሃይላንድ አምጡልኝ፤ ዘይት ያልነካው።»

ከሳፋው ቀድተው፣ ክዳኑን ገጥመው፣ ማንም በማይነካው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። የዚያን ቀን ሥራ በዚሁ አበቃ። ሾፌሩ በደብረ ታቦር ብርድ መኪናው ውስጥ አደረ።

ይህ አንድ ሌሊት መጠበቅ ቀላል ነገር ይመስላል፤ በአገራችን ጋራዦች ግን ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ባለመኪናው ይቸኩላል፣ መካኒኩ አያውቅም እንዳይባል ይቸኩላል፣ ተመልካቹ ደግሞ ያለ ኪሳራ ይቸኩላል። ቡናማ ፈሳሽ የታየበት ራዲያተር ሁሉ «ጓርኒሲዮን» ይባላል። ቡናማ ግን በሽታ አይደለም፣ ቀለም ነው። ወደዚያ ቀለም የሚያደርሱ መንገዶች ደግሞ ብዙ ናቸው፤ የአንዱ መፍትሔ የብዙ ሺህ ብር ሥራ ሲሆን የሌላው ንጹሕ ውሃና ግማሽ ቀን ነው።

ነገሩን ለመረዳት ራዲያተር ውስጥ ምን መኖር እንዳለበት ማወቅ ይበቃል። በአማራ ክልል ከተሞች «ኩላንት ለበረዶ አገር ነው» የሚል ሾፌር ማግኘት አይከብድም። ግማሹ እውነት ነው። ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር የተደባለቀ ኩላንት እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም፤ ጉና ተራራ ላይ እንኳ ይህን ያህል ብርድ የለም። የኩላንት ዋና ሥራ እዚህ ሌላ ነው። ሞተር ውስጥ ብረት አለ፣ አሉሚኒየም አለ፣ ራዲያተሩ የድሮ ከሆነ መዳብና ብየዳ አለ። የተለያዩ ብረቶች በአንድ ውሃ ውስጥ ሲቀመጡ ውሃው እንደ ባትሪ ይሆንና አንዱ ብረት ሌላውን ይበላዋል። ኩላንት ውስጥ ያሉት ቅመሞች ይህን ነው የሚከላከሉት። ባዶ ውሃ የሞላ ራዲያተር ከውስጥ እየዛገ፣ ውሃውም ወደ ቀይ ሻይ እየተለወጠ ይሄዳል። የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል።

ሌላም አለ፤ ከፍታው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ናት። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ገደማ ነው፤ ባቄላ የቀቀለች እናት ሁሉ ሳትለካው ታውቀዋለች። የሞተር ሙቀት መቆጣጠሪያው ቫልቭ የሚከፈተው ደግሞ 82 ወይም 88 ዲግሪ ላይ ነው። በሁለቱ መሐል የቀረችውን ጠባብ ልዩነት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር የተጻፈው ለዚህ ነው፤ ውሃውን በግፊት አፍኖ የመፍያ ነጥቡን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የተበላ ክዳን ወረታ ሜዳ ላይ ላያስታውቅ ይችላል። ዓለም በርን አልፎ ሽቅቡ ሲጀመር ግን መኪናው ያፈላል። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር በአርባ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ወደ 900 ሜትር ይወጣል፤ ተሳፋሪው ከወንበሩ በላይ፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ። (የሞቀ ራዲያተር ክዳን መክፈት የስንቱን ሾፌር ፊት እንዳቃጠለ የሚያውቅ ያውቀዋል። በእጅ ካልተያዘ አይከፈትም ማለት ነው፣ በጨርቅም ቢሆን።)

መኪና ሲያፈላ ምን ይደረጋል? ውሃ ይፈለጋል። የሽማግሌው ጥያቄ የመጣውም እዚህ ላይ ነው። ማምሻውን ሻይ ይዘው ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«ምን ምን አፍስሳችሁበታል?»

«ውሃ ነው እንጂ አያ፣ ምን ይፈስበታል። ውሃ ብቻ።»

«የምን ውሃ?»

ከዚያ ነገሩ በጥቂት በጥቂቱ ወጣ። ሾፌሩ መኪናውን ሲረከብ ውስጡ አረንጓዴ ኩላንት ነበረበት፤ ማን እንዳስገባው አያውቅም። በክረምት ጉማራ ድልድይ አጠገብ አፍልቶበት ረዳቱ በጀሪካን ከወንዙ ቀድቶ ሞልቶታል። የጉማራ ውሃ በክረምት ምን እንደሚመስል የፎገራ ሰው አይነገረውም፤ የጉናን አፈር ጠርጎ ወደ ጣና የሚወርድ ጭቃ ነው። ከወራት በኋላ ወረታ ላይ አንድ ሱቅ ውስጥ ኩላንት ጠይቀው ቀይ ተሰጣቸው፤ ጨመሩት። በመጨረሻ፣ ረዳቱ አንገቱን ደፍቶ የተናገረው አለ፤ ውሃ የሚሞሉት አፉ በተቆረጠ ሃይላንድ ነው። ያው ሃይላንድ የሞተር ዘይትም ይሞላበታል።

ይህን ሁሉ ማንም ጽፎ አላስቀመጠውም። ከሾፌሩ በፊት የነበረው ሾፌር ምን እንዳፈሰሰ የሚያውቅ የለም። ባለንብረቱ የሚያውቀው ገቢውን ብቻ ነው። ቦሎ በየዓመቱ ይለጠፋል፤ መኪናው ሆድ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ከመስታወቱ ላይ አይነበብም። አንድ ሚኒባስ በአሥርና በአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜው ውስጥ ስንት እጅ አልፎ፣ ስንት እጅ በውስጡ አፍስሶበት እንደሚመጣ ማሰብ ነው። የራዲያተር ፈሳሽ ሲቀዳ የሚወጣው የእነዚያ እጆች ሁሉ ድምር ነው፤ ፍርዱ ግን የሚያርፈው መጨረሻ ላይ መሪ በያዘው ላይ ነው።

በዚህ ላይ ሱቅ ውስጥ የተለመደው «ቀለሙን አይተህ ግዛ» የሚለው ምክር ያሳስታል። የኩላንት ቀለም ማቅለሚያ ነው። አምራቹ የፈለገውን ቀለም ይጨምራል፤ ዓለም የተስማማበት ሕግ የለም። ድሮ አረንጓዴው በአብዛኛው አንድ ዓይነት ቅመም ነበር፣ በሁለት ዓመት ገደማ የሚለወጥ። ጄነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1996 ሞዴሎቹ «ዴክስ ኩል» የተባለውን ብርቱካናማ፣ አምስት ዓመት ይቆያል የተባለ ኩላንት አስገባ። ከዓመታት በኋላ ብዙ የአሜሪካ ባለመኪኖች ራዲያተራቸው ውስጥ ቡናማ ጭቃ ተሞልቶ አገኙት፣ ተካሰሱ፣ ነገሩም እ.ኤ.አ. በ2008 በስምምነት ተዘጋ። ቶዮታ ቀይና ሮዝ ይጠቀማል፤ ሌሎች ሰማያዊ። ዛሬ አረንጓዴ ተቀብቶ የሚሸጥ አዲሱ ዓይነት አለ፣ ቀይ የተቀባ አሮጌው ዓይነትም አለ። የማይስማሙ ሁለት ዓይነቶች ሲደባለቁ መኪናው ወዲያው አይቆምም፤ ቅመሞቹ እርስ በርስ ይጠፋፉና መከላከያው ይቀራል፣ አንዳንዴም ይረጋና እንደ አተላ ይሆናል። አረንጓዴና ቀይ ሲቀላቀል ደግሞ ቀለሙ ምን እንደሚሆን ሥዕል የሞከረ ሕፃን ያውቃል። ቡናማ ነው።

ያው ቡናማ ታዲያ ዘይትም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ በትዕግሥት ነው። ዘይት ከውሃ ይቀልላል፣ ኩላንት ከውሃ ይከብዳል፣ ጭቃና ዝገት ከሁለቱም ይከብዳል። ጥርት ባለ ሃይላንድ ውስጥ አንድ ሌሊት ሲያድር ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ዝቃጩ ከታች ይተኛል፣ ኩላንቱ መሐል ይቀራል። ናፍጣም ከገባ ከላይ ነው የሚንሳፈፈው፣ ግን ሽታው ራሱን ያጋልጣል። ፓምፑ ለረጅም ጊዜ የመታው ዘይትና ውሃ ብቻ ነው አድሮም የማይለየው፤ እንደ እርጎ ወፍሮ ይቀራል። እንዲህ ሆኖ ካደረ ነገሩ ከባድ ነው።

ሁለተኛው ሶፍት ነው። ከፈሳሹ አንድ ጠብታ ሶፍት ላይ ጣል ተደርጎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ኩላንት እንደ ውሃ ተስፋፍቶ ቀለሙን ትቶ ይደርቃል። ዘይት ግን አይደርቅም፤ ብስኩት የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ እንደሚቀረው ብርሃን የሚያሳልፍ ቅባት ይተዋል። ይህ በተለይ ቀይ ፈሳሽ ሲገኝ ይጠቅማል። የቶዮታ ኩላንትም ቀይ ነው፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትም ቀይ ነው። በብዙ አውቶማቲክ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ በተቀበረ ትንሽ ቱቦ ነው፤ ያ ቱቦ ሲሰነጠቅ ራዲያተሩ በእንጆሪ ወተት ይሞላል። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 የተሠሩ የኒሳን ፓዝፋይንደር መኪኖች በዚህ በሽታ ስማቸው ጠፍቶ ነበር፤ ውሃው ወደ ካምቢዮው ገብቶ ስለሚጨርሰው የተጎዳው ራዲያተሩ ብቻ አልነበረም። የአንበሳሜው ሚኒባስ ግን በእጅ ማርሽ የሚነዳ ነው። ይህ ጥርጣሬ ገና ሳይጀመር ወደቀ።

በጣት ማሸት አያዋጣም። ኩላንትም እንደ ዘይት ያንሸራትታል፤ ብዙ መካኒክ የሚሸወደው በዚህ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ምላስ ነው። ወጣቱ መካኒክ ማለዳ ላይ ጣቱን ነክሮ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ሽማግሌው እጁን መቱት። ጣፋጭ ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። ኤቲሊን ግላይኮል የሚባለው የኩላንት ዋና ክፍል ኩላሊት የሚያበላሽ መርዝ ነው፤ አዋቂ ሰው ለመግደል መቶ ሚሊ ሊትር ገደማ ሊበቃ ይችላል፣ ለሕፃን ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ። ሳፋ ሙሉ ኩላንት ጋራዥ ደጅ ላይ ትቶ ምሳ መሄድ የተለመደ ነው፤ ውሻ ይጠጣዋል፣ ከዚያ «ውሻው ታሞ ሞተ» ይባላል። ወደ ቦይ ሲደፋም መንገዱ ይታወቃል። ጉማራም ርብም የሚነሱት ከጉና ነው፣ የሚገቡትም ጣና ነው።

ማለዳ ሃይላንዱ ከመደርደሪያው ወረደ። ከታች ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ቡናማ ዝቃጭ ተኝቷል። መሐሉ የደፈረሰ፣ ወደ ዝገት የሚያደላ ፈሳሽ ነው። ከላይ ግን ቀጭን፣ ቀለም እንደ ቀስተ ደመና የሚለዋወጥበት የዘይት ቆዳ አለ።

«ይኸው ዘይቱ!» አለ አራተኛው ሰው። (ተመልሶ መጥቷል።)

እዚህ ላይ ነው ሌላው ሰው ቴስታውን የሚያወርደው። ሽማግሌው ግን የሞተሩን ዘይት መለኪያ ዘንግ አወጡ። ሞተር ሲሠራ የዘይቱ ግፊት ከውሃው ይበልጣል፤ በሁለቱ መሐል ቀዳዳ ካለ ዘይት ወደ ውሃ ይገባል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ግፊት ወዲያው ይወርዳል፣ የሞቀው ውሃ ግን ለጊዜው እንደታፈነ ይቆያል፤ ያኔ ውሃው በተራው ወደ ዘይት ይገባል። ስለዚህ የሞተሩ ዘይት አድሮ ሲታይ ይናገራል። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ጥቁር ነበር፣ ወተት አልነካውም። ዘይት የሚሞላበት ክዳን ውስጡም ንጹሕ ነው። ራዲያተሩ በንጹሕ ውሃ ተሞልቶ፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ተነሳ፤ ጓርኒሲዮን የተቃጠለበት ሞተር ጭሱን ወደ ውሃው ስለሚገፋ አረፋ አያቋርጥም። አረፋ ጥቂት ወጣ፣ ከዚያ ቆመ። የታፈነ አየር ነበር።

የዘይቱ ቆዳ ከየት መጣ? ረዳቱ ሳይጠየቅ አፉ የተቆረጠውን ሃይላንድ ከመቀመጫ ስር አወጣው። ውስጡ ጥቁር ነው።

ስለዚህ በሽታው ማደባለቅ ነበር፤ ሁለት ዓይነት ኩላንት፣ የጉማራ ጭቃ፣ የራሱ የሞተሩ ዝገትና ከቆሸሸ ዕቃ የመጣ የዘይት ጠብታ። መኪናው ያፈላው ራዲያተሩ ስለተደፈነና የክዳኑ ጎማ ስለተበላ ነው። ወጣቱ ራዲያተሩን አውርዶ ገልብጦ አጠበ፣ ሞተሩን በቱቦ ውሃ ጥርት እስኪል ደጋግሞ አሳለፈ። የማሞቂያውን መዝጊያ እንዲከፍት ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ነገሩት፤ እሱ ከተዘጋ አሮጌው ፈሳሽ እዚያው ተደብቆ ይቀራል። በመጨረሻ አንድ ዓይነት ኩላንት ብቻ ገባ፣ ማቅጠኛውም ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ሆነ፤ ከምንጭ ውሃ ይልቅ ቅርፊት የለውምና።

ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ድሮ የቅንጦት ሊመስል ይችል ነበር። አሁን አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ የኤክሳይዝ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የአንድ ላይ ውጤታቸው ግን አሁን መንገድ ላይ ያለው አሮጌ መኪና ከታሰበለት ዕድሜ በላይ መኖር አለበት ማለት ነው። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ክረምት ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር መኪና ቆሞ ይሰነብታል። ባዶ ውሃ ይዞ የቆመ ሞተር ከሚሄደው ባልተናነሰ ይዝጋል፤ መንገዱ የተከፈተ ዕለት ሾፌሩ የሚጠብቀው ተሳፋሪ ነው፣ የሚያገኘው ግን የደፈረሰ ራዲያተር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ይገላግለናል የሚልም አለ። ባትሪያቸው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ብዙዎቹ እነሱም ኩላንት አላቸው፤ እዚያ የጉማራን ውሃ በጀሪካን ይዞ የሚሮጥ ረዳት የሚያመጣውን ጣጣ ማሰብ ያስፈራል።

ግን ጥፋቱን ረዳቱ ላይ መጣልም ቀላል ነው። ኩላንት በገንዘብ ነው፣ የጉማራ ውሃ በነፃ። የኩላንቱን ዋጋ ከዕለት ገቢ ላይ ቀንሶ የሚያስረክብ ሾፌር ባለንብረቱ ፊት ሌባ ይመስላል፤ ውሃ ሞልቶ ሙሉ ገቢ የሚያስረክብ ደግሞ ጎበዝ ይባላል፣ ሞተሩ እስኪሄድ ድረስ። ባለንብረቱ በዚያ ቀን ሲደውል የጠየቀውም ይህንኑ ነበር።

«ከውሃ ሌላ ምን ያስፈልገዋል? እስከዛሬ በውሃ አልሄደም?»

ሾፌሩ ስልኩን ለሽማግሌው ሰጣቸው። ረዘም ያለ ጊዜ አወሩ፤ ቴስታው ቢወርድ ኖሮ ምን ያህል ያወጣ እንደነበር ሲነግሩት ይሰማል። ባለንብረቱ በመጨረሻ ክዳኑንና ኩላንቱን ሊከፍል ተስማማ። የመኪና ማጠቢያውን ግን ሾፌሩ ይቻለው አለ።

ወጣቱ መካኒክ ነጭ ፕላስተር ቆርጦ ራዲያተሩ አናት ላይ ለጠፈ፤ በእስክሪብቶ የኩላንቱን ዓይነትና ቀኑን ጻፈበት። ሽማግሌው አይተው «በማርከር ነው እንጂ፤ በሙቀት ይጠፋል» አሉ። ማርከር ተፈልጎ ታጣ። በእስክሪብቶው ላይ ደግመው ጫን አድርገው ጻፉት።

ከሰዓት በኋላ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ጭኖ ወደ ወረታ ወረደ። ዓለም በር ሳይደርስ አንድ አይሱዙ ዳር ይዞ ቆሟል፤ አፍንጫው ተከፍቶ ይጨሳል። ሾፌሩ ጀሪካን አንጠልጥሎ መሐል መንገድ ገብቶ እጁን አውለበለበ። የአንበሳሜው ሾፌር ቆመለት።

«ውሃ አላችሁ?»

«አለን። ውስጡ ያለው ምንድን ነው? አረንጓዴ ነው ቀይ?»

የአይሱዙው ሾፌር ጀሪካኑን እንደያዘ ትክ ብሎ አየው።

«ውሃ ነዋ!»